ኪስ ሲሳሳ ዓይን ይሳል

አሮጌ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨር ያገኘ ሰው ቀኝ ጎኗን ወደ ብርሃን አዙሮ ይመልከት። እዚያ ላይ የብረት ክዳን አለ። መዶሻው፣ ምላጩና ሞላዎቹ ወደ ሆዷ የገቡት በዚያ በኩል ነው። ብሎኖቹ ባይጠቁሙ ግን ክዳኑ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ማወቅ ያስቸግራል፤ ሁለቱ ብረቶች የተጋጠሙበትን መስመር ዓይን ፈልጎ ያገኘዋል እንጂ ጣት አይሰማውም። ሠራተኛው ክዳኑን ከቦታው ጋር እያስማማ ከገጠመ በኋላ ክዳኑና ገላዋ አንድ ላይ ተወልውለዋል። ከዚያ ተፈተው ወደ ማጥቆሪያው ሲሄዱ ከሌላ ሽጉጥ ክፍል ጋር እንዳይደባለቁ፣ በገላዋ፣ በክዳኑ ውስጠኛ ፊትና ጥይት የሚይዘውን ሲሊንደር በሚሸከመው ክንድ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ተመትቶባቸዋል። አብረው የተሠሩት አብረው እንዲኖሩ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ሲነሳ ቶሎ የሚታሰበን የሀብታም ዕቃ ነው፤ በመስታወት ሣጥን የሚቀመጥ፣ ወርቅ የተለበጠ። እኔ የማነሳት ግን አሜሪካ ውስጥ ኪሱ የሳሳ ሰው በጥቂት መቶ ዶላር የሚያገኛትን፣ ፖሊስ ወገብ ላይ ያረጀችውን ሞዴል 10 ነው። ርካሽ ሽጉጥ የሚፈልግ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው አዲስ በሆነውና በሚያብረቀርቀው ላይ ነው። አዲስ ሆኖ ዋጋው የወረደ ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ ዋጋው የወረደው ከብረቱ ወይም ከሥራው አንድ ነገር ተቀንሶለት ነው። ያገለገለች ሞዴል 10 የረከሰችበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ቆዳዋ ተጭሯል፣ ዘመኗም አልፏል። የገጣጣሚዎቿ ድካም ግን ሳይነካ እዚያው ተቀምጧል። ስለዚህ ገንዘብ ላጠረው ገዢ ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ጭረትን ከጉዳት የሚለይ ዓይን ነው።

ሆራስ ስሚዝና ዳንኤል ዌሰን የመሠረቱት ኩባንያ ይህችን ሽጉጥ በማሳቹሴትስ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ከተማ መሥራት የጀመረው በ1899 ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የመጀመሪያ ስሟ ሚሊታሪ ኤንድ ፖሊስ ነበር። በ1957 ኩባንያው ሽጉጦቹን በቁጥር መጥራት ሲጀምር ሞዴል 10 ተባለች። ከ6 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ስድስት የ.38 ስፔሻል ጥይት ትይዛለች፤ በብዛት የምትገኘው ባለ 4 ኢንች በርሜሏ ክብደቷ አንድ ኪሎ አይሞላም። ለሃያኛው ክፍለ ዘመን እኩሌታ የአሜሪካ ፖሊስ መታወቂያ የነበሩት እሷና ተፎካካሪዎቿ የኮልት ሪቮልቨሮች ናቸው።

ከዚያ ዘመን ዞረ። በ1986 ማያሚ ውስጥ የኤፍ ቢ አይ ወኪሎች ከሁለት ዘራፊዎች ጋር ተታኩሰው ሁለት ወኪሎች ከሞቱ በኋላ፣ ብዙ ጥይት የሚይዝና ቶሎ የሚጎርስ ሽጉጥ የመፈለጉ ነገር በረታ። የኒው ዮርክ ፖሊስ በ1993 ወደ ባለ 9 ሚሊሜትር ከፊል አውቶማቲክ መሸጋገር ጀመረ፤ የመጨረሻዎቹን ሪቮልቨሮች ያስወጣው በ2018 ነው። በየግዛቱ የነበሩ የፖሊስ መምሪያዎች አሮጌዎቹን ለነጋዴ እያስረከቡ በዋጋቸው ላይ ጨምረው አዲስ ወሰዱ። ሥራቸውን በሚገባ ይሠሩ የነበሩ ሽጉጦች በአንድ ጊዜ ገበያውን ያጥለቀለቁት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬም ቁጥራቸው እየቀነሰ ዋጋቸውም እየጨመረ ይምጣ እንጂ፣ ለሚፈልጋቸው አልጠፉም።

የፖሊስ ሽጉጥ አረጃጀት የራሱ መልክ አለው። ፖሊሱ በየቀኑ ይታጠቃታል፤ የሚተኩስባት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለልምምድና ለፈተና ሲጠራ ብቻ ነው። ስለዚህ የቆዳ አፎቷ በገባችና በወጣች ቁጥር የአፈሙዟን ጠርዝና የሲሊንደሩን ትከሻ እያሸ ጥቁር ሰማያዊ ቀለሟን ገፍፎ ነጩን ብረት ያወጣዋል። ያ ቀለም ቅብ አይደለም። በደንብ የተወለወለ ብረት በኬሚካል መታጠቢያ ውስጥ ገብቶ ከራሱ ያወጣው ስስ ቆዳ ነው። ቆዳው ሲገፈፍ ሽጉጧ መልኳ ይጎድላል፤ አተኳኮሷ ግን አንድም አይጎድልም። ነጋዴው ዋጋ የሚቀንሰው ለዚህ ጭረት ነው። ገዢው ደግሞ የሚጠቀመው ከዚህ ጭረት ነው። አንዳንዶቹ ላይ የመምሪያው ስም ወይም የመደርደሪያ ቁጥር ከእጀታው ጀርባ ተቀርጾ ይገኛል፤ እሱም ዋጋ ይቀንሳል እንጂ የሚጎዳው ነገር የለም።

አሁን ወደ ሆዷ እንግባ፤ ጥበቡ ያለው እዚያ ነውና። ጣት ምላጩን መሳብ ሲጀምር፣ መጀመሪያ ከሲሊንደሩ ሥር ያለችው መቆለፊያ ዝቅ ብላ ትለቀዋለች። ወዲያው አንዲት የብረት ጣት ከውስጥ ወደ ላይ ወጥታ በሲሊንደሩ ጀርባ ካሉት ስድስት ጥርሶች አንዱን ትገፋለች። ሲሊንደሩ የክቡን አንድ ስድስተኛ ይዞራል። ቀጣዩ ጥይት ከበርሜሉ ትይዩ ሲደርስ መቆለፊያዋ ጎድጓዳ ማረፊያዋን አግኝታ ቀጭ ትላለች። መዶሻው ከጫፍ ደርሶ የሚወድቀው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። በማኅሌት ወረብ ላይ ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው እያንዳንዳቸው ጊዜያቸውን ጠብቀው እንደሚገቡ፣ እዚህም አንዱ ካንዱ ሊቀድም አይችልም። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ጣት አንድ ጊዜ ስቦ እስኪጨርስ ነው።

ቅደም ተከተሉ ጥቂት ቢዛባ፣ ማለትም መቆለፊያዋ ሳትይዝ መዶሻው ቢወድቅ፣ እርሳሱ በበርሜሉ የኋላ አፍ እየተላጨ ይገባል፤ ፍንጣሪውም በጎን ይተፋል። ይህ እንዳይሆን ገጣጣሚው ሞረድ ይዞ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ይሞክር ነበር። አምስቱ ደርሰው ስድስተኛው ቢዘገይ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። በወፍራም ብረት ላይ የሚሠራ ሰው ስህተቱን በብየዳ ይሸፍነዋል፤ እዚህ ግን ከጥርሱ ላይ አንዴ የተሞረደ አይመለስም። ስለዚህ ትንሽ ይነካል፣ ይሞክራል፣ እንደገና ይነካል። ሽጉጧ ከተገጣጠመች ሃምሳ ዓመት አልፎም ስድስቱም ጉድጓዶች በየተራቸው ቀጭ ሲሉ የሚሰማው የዚያ ትዕግሥት ውጤት ነው።

ምላጩ ሙሉውን መንገድ ሲሳብ ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት ይጠይቃል። ከባድ ይመስላል። ግን በደንብ በተገጠመች ሞዴል 10 ላይ ክብደቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ወጥ ነው፤ መሃል ላይ የሚይዝ፣ የሚያደናቅፍ ወይም አሸዋ የነካው የሚመስል ነገር የለበትም። መዶሻውን በአውራ ጣት አስቀድሞ ለሚያነሳው ደግሞ ምላጩ ጥቂት ሲነካ ጥርት ብሎ ይለቃል። ይህን ልዩነት ሳይተኩሱ በጣት ብቻ ማወቅ ይቻላል፤ የተለማመደ ገዢ ዓይኑን ጨፍኖ ይለየዋል።

የመዶሻውንና የምላጩን ጎን ላስተዋለ፣ ግራጫ፣ ቡናማና ሰማያዊ የተዋሃዱበት ቀለም አለ። ለጌጥ የተቀባ አይደለም። ቆዳውን ብቻ ለማጠንከር በከፍተኛ ሙቀት የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ የሚቀርበት ምልክት ነው። ቆዳው እጅግ ይጠነክራል፣ መካከሉ ለስለስ ብሎ ይቀራል፤ ቆዳው መፋቅን፣ መካከሉ መሰበርን ይችላል። ጥንካሬው ያለው በስሱ ቆዳ ላይ ስለሆነ፣ ምላጩን አለሰልሳለሁ ብሎ በሞረድና በአሸዋ ወረቀት የነካካው ሰው ቆዳውን ጥሶ ሽጉጧን ለዘለቄታው ይጎዳታል። ያለፈው ባለቤት እንዲህ አድርጎ ይሆን ወይ የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም ጭረት ይበልጣል።

አስተዋይ አእምሮ በትንሽ ነገር ላይ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳዩ ሁለት ነገሮችን ልጨምር። የመጀመሪያው ከሲሊንደሩ መሃል የሚወጣው የቀለህ መግፊያ ዘንግ ነው። ዘንጉ በጥርስ የሚታሰር ነው፤ በጥንቶቹ ላይ ጥርሱ እንደ ተራ ብሎን ወደ ቀኝ ይጠብቅ ነበር። ሲሊንደሩ ግን ከኋላ ሲታይ ወደ ግራ ስለሚዞር፣ ዘንጉ በጊዜ ብዛት እየላላ ወደ ፊት ይወጣና ሲሊንደሩ አልከፈት ይላል። በ1960 አካባቢ ኩባንያው የጥርሱን አቅጣጫ ገለበጠው። ከዚያ ወዲህ የሽጉጧ የራሷ እንቅስቃሴ ዘንጉን ከማላላት ይልቅ ያጠብቀዋል። ምንም ክፍል አልተጨመረም፤ ወጪም የለውም።

ሁለተኛው በሕይወት ዋጋ የመጣ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቪክቶሪ የሚል ስም ይዛ ለጦር ኃይሎች ትሠራ ነበር። በ1944 አንዷ በመርከብ ወለል ላይ ወድቃ ተኩሳ አንድ የአሜሪካ መርከበኛ ሞተ። ኩባንያው ወዲያው አዲስ መከላከያ ሠራ፦ በመዶሻውና በገላዋ መካከል የሚቆም ስስ የብረት ምላስ። ምላጩ እስከ መጨረሻ ተስቦ እስካልተያዘ ድረስ ምላሱ ከቦታው አይነሳም፤ መዶሻው ከኋላ ቢመታ እንኳ ጥይቱ ጋ አይደርስም። ባዶዋን ይዘው ቀስ ብለው ሲያወዛውዟት ከውስጥ ትንሽ ነገር ሲንኳኳ ይሰማ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ይህ ምላስ ነው፣ ጉድለት አይደለም። ከጦርነቱ ዘመን የቀረች ቪክቶሪ የሚገዛ ሰው የመለያ ቁጥሯን ይመልከት፤ በኤስ ቪ የሚጀምረው አዲሱ መከላከያ የገባላት ናት።

እንግዲህ በሱቅ ጠረጴዛ ላይ ስትቀርብ ምን ይታያል? ከሁሉ በፊት ሲሊንደሩን ከፍቶ ስድስቱም ጉድጓዶች ባዶ መሆናቸውን በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ፤ ከዚያ ሻጩን አስፈቅዶ መመርመር። ክፍቱን ሲሊንደር በጣት ማሽከርከርና ዘንጉን መመልከት፤ ጫፉ ከተወዛወዘ ዘንጉ ታጥፏል። ሲሊንደሩ ተዘግቶ መዶሻው በዝግታ ሲነሳ፣ በሌላው እጅ ጣት ሲሊንደሩን ጥቂት እየገቱ፣ በስድስቱም ላይ መቆለፊያዋ መዶሻው ከላይ ከመድረሱ በፊት መያዟን ማዳመጥ። አንዱ እንኳ ከዘገየ ዋጋው ይወርዳል ወይም ገዢው ይተዋታል። ከዚያ መዶሻው ተነስቶ እንደቆመ በአውራ ጣት ወደ ፊት ገፋ ማድረግ፤ በግፊያ ብቻ ከወደቀ ውስጧ ተነካክቷል፣ አትገዛም።

ሲሊንደሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲያንቀሳቅሱት ሊነቃነቅ የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። በሲሊንደሩና በበርሜሉ መካከል ያለውን ክፍተት ከጀርባው ብርሃን አድርጎ ማየት፤ ጤነኛው ወደ 0.15 ሚሊሜትር ነው፣ ከ0.25 ካለፈ ብዙ ተተኩሶባት ወይም ተጎድታ ሊሆን ይችላል። የበርሜሉ የኋላ አፍ ላይ ስንጥቅ መፈለግ፤ ከታች በኩል ብረቱ የሚሳሳበት ቦታ ስለሆነ ስንጥቅ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። በርሜሉን ወደ ብርሃን ይዞ በውስጡ ማየት፤ ጠመዝማዛ ቦዮቹ ጥርት ብለው ከታዩ ጥሩ፣ መሃል ላይ ጥቁር ቀለበት የሚመስል ጥላ ካለ ግን በርሜሉ አብጧል። በመጨረሻ የአፈሙዙን ክብ ጠርዝ በጣት መዳበስ፤ እርሳሱ ሲወጣ የሚነካው የመጨረሻ ብረት እሱ ነውና ትንሽ ቁስል ዒላማን ያስታል።

ባዶነቷን ካረጋገጠ በኋላ ግን፣ ከሌላው ምርመራ ሁሉ በፊት ብልህ ገዢ ብሎኖቹን ያያል። ፋብሪካው የሠራቸው ብሎኖች ቀዳዳቸው ቀጥ ያለ፣ ጠርዛቸው ያልተበላ ነው። ልኩን ያልጠበቀ ካቻቢቴ የገባበት ብሎን ከንፈሩ ይፈርሳል። የጎን ክዳኑም እንዲሁ ይናገራል። ይህን ክዳን የሚያውቅ ባለሙያ በጭራሽ አይፈለቅቀውም፤ ብሎኖቹን ፈትቶ የእጀታውን ብረት በእንጨት መታ መታ ሲያደርገው ክዳኑ በንዝረቱ ራሱ ይነሳል። በጠርዙ ላይ የመፈልቀቂያ ጠባሳ ካለ፣ ያላዋቂ እጅ ከውስጥ ገብቷል። ላዩ የሚያምር፣ ውስጡን ለቄስ የሆነች ሽጉጥ እንዲህ ትታወቃለች። በተቃራኒው አፈሙዟ ነጥቶ፣ የዋልነት እጀታዋ ተጋግጦ፣ ብሎኖቿ ግን ያልተነኩ ከሆነ ልብ ይርጋ፤ ውስጧ እንደተሠራች ናት።

ዕድሜዋም ይነበባል። ሲሊንደሩ ሲከፈት በክንዱ ሥር ባለው ገላ ላይ የሞዴሉ ቁጥር ከነሰረዙ ተመትቶ ይገኛል፤ 10-5 ቀጭን እየሆነ የሚሄድ በርሜል ያላት፣ 10-6 ደግሞ ወፍራም በርሜል ያላት ናት። ከ1982 በፊት የተሠሩት ላይ በርሜሉ ከገላዋ በሚገናኝበት ቦታ ተሻግራ የገባች ትንሽ የብረት ፒን አለች። ፒኗ መኖሯ የተኩሱን ጥራት አይጨምርም፤ ግን ገጣጣሚ ለእያንዳንዷ በርሜል ጊዜ ይሰጥ ከነበረበት ዘመን መምጣቷን ትመሰክራለች።

ርካሽ ሁሉ ጥሩ እንዳልሆነ መናገርም ግድ ነው። ለእንግሊዝ ተልከው የነበሩ አንዳንድ የቪክቶሪ ሽጉጦች አጭርና ሰፋ ላለ የእንግሊዞች .38 ጥይት የተሠሩ ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ነጋዴዎች ጉድጓዳቸውን አስረዝመው ለ.38 ስፔሻል አደረጓቸው። በእነዚህ ውስጥ ቀለሁ ያብጣል፤ ዋጋቸው ቢወርድም ለመተኮስ አይመረጡም። በሌላ በኩል ከ1970 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ይሠሩ የነበሩት እንደ ሬቨን ያሉ ትናንሽ ሽጉጦች የሚቀልጥና የሚቀዳ የዚንክ ቅይጥ ገላ ነበራቸው። ርካሽ የሆኑት ከዚያ የተነሳ ነው፤ ጠንካራ ብረት ተቀርጾ፣ ተሞርዶ፣ ተገጥሞ የሚያገኘውን ዕድሜ ከእነሱ መጠበቅ አይቻልም።

ዛሬ የሚሠሩ ባለ ፕላስቲክ ገላ ከፊል አውቶማቲኮችን ግን በዚህ ሚዛን ማውገዝ አይገባም። በኮምፒዩተር የሚመሩ ማሽኖች ልካቸውን የጠበቁ ክፍሎች ስለሚያወጡ፣ በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጡት ብዙዎቹ ታማኝ ናቸው፤ ከስድስት በላይ ጥይት ይይዛሉ፣ ለመጉረስም ይፈጥናሉ። የሞዴል 10 ድክመት ስድስት ብቻ መያዟና ዳግም ለማጉረስ መዘግየቷ ነው። ብርታቷ ደግሞ ግልጽነቷ ነው፤ ሲሊንደሩ ተከፍቶ ባዶ ናት ወይስ ጎርሳለች የሚለው በአንድ እይታ ይታወቃል፤ ወደ ኋላ የሚሳብ ጠንካራ ሞላ ስለሌላት እጁ የደከመ ሰው ይይዛታል። ለሁለቱም ቦታ አለ። ነገር ግን በተመሳሳይ ገንዘብ የሰው እጅ በትዕግሥት ያስማማውን ብረት ማግኘት የሚቻለው ከአሮጌዋ ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ፣ ሱቅ ወይም ነዳጅ ማደያ እስከ ሌሊት ከፍተው ለሚሠሩ ወገኖቻችን ርካሽ ሽጉጥ የመግዛት ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ሕጉ ግን ከሽጉጧ ይቀድማል። በፌዴራል ሕግ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት፣ ፎርም 4473 መሙላትና የጀርባ ማጣሪያ ማለፍ ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሌላ የሚከለክለው ነገር ከሌለ መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይችልም። ሜሪላንድ ከ2013 ጀምሮ ከግዢው በፊት አሻራና ሥልጠና የሚጠይቅ ፈቃድ አላት። ዲሲ ውስጥ እያንዳንዱ ሽጉጥ በከተማው ፖሊስ መመዝገብ አለበት። ከሌላ ግዛት የተገዛች ሽጉጥም የምትደርሰው በገዢው ግዛት ባለ ፈቃድ ነጋዴ በኩል ብቻ ነው፤ ያም ከመረከብ በፊት ለመመርመር ጥሩ አጋጣሚ ነው።

በአዲሷና በአሮጌዋ ዋጋ መካከል የተረፈው ገንዘብ የሚሄድበት ቦታ አለው። የመጀመሪያው ድርሻ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ይሁን፤ ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ ሣጥኑ ከሽጉጧ ቀድሞ ይገዛ፣ በቤቱ ያለ ሰው በጭንቀት ወይም በሐዘን ላይ ከሆነ ሽጉጧ ጭራሹን ከቤት ውጭ ትቆይ። ሁለተኛው ለመሣሪያ ጠጋኝ ይከፈል፤ ከግዢው በኋላ ክዳኑን በአግባቡ ከፍቶ የደረቀውን ዘይት ያጥባል፣ የምላሷንም ሥራ ያረጋግጣል። የቀረው ለአሠልጣኝና ለጥይት ነው። ገጣጣሚው ስድስቱን ጥርሶች አንድ በአንድ እየሞከረ ያስማማት ሽጉጥ፣ ጣቱን በተመሳሳይ ትዕግሥት ያላሠለጠነ ሰው እጅ ውስጥ ጥበቧ ከንቱ ነው፤ ዓይኑን ስሎ በርካሽ የገዛት ሰው በተረፈው ገንዘብ ጣቱንም ይሳል።